እሁድም የምትሄደው ጀልባ

ፔናያ የተላከው እኛን ሊያስተካክል ነው። ለጀልባችን ሞተር ከሰጠን የረድኤት ድርጅት፣ ከዋና ከተማችን ከሱቫ፣ የተወለወለ ጫማ አድርጎና ማኅደር ታቅፎ ሲመጣ እኔ ጀልባዋን ገልብጬ ሆዷ ላይ የተጣበቀውን ቅርፊት በቢላ እፍቅ ነበር።

«የእናቶች ጀልባ ማኅበር ሰብሳቢ፣ ወይዘሮ ቪሊማይናን ፈልጌ ነበር» አለ።

«ወይዘሪት በል። አገርህ የት ነው?»

የደሴቱን ስም ሲነግረኝ ቢላዬን አስቀመጥኩና ሳቅሁ። የነሱ አገርና የኛ ናሳሌ ታውቩ ናቸው፤ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ እንዳሻን እንሰዳደባለን፣ መቀየም ነውር ነው።

«እናንተ ዘንድ ጫማ ገባ እንዴ?»

«ገባ። የናሳሌን ጭቃ እንዳንነካ ብለን ነው» አለ ሳይዘገይ። ከዚያ ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። ጆሮዬ ሳይቀር ጋለ፤ ምን አስዋሸኝ!

ሥራችን አንድ ነው። ሆስፒታሉ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ስለሆነና በአውቶቡስ ዞሮ መሄድ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ ምጥ የያዛትን ሴት እናሻግራለን። እናቴ ምጥ ይዟት አሻጋሪ ጀልባ ስትጠብቅ ሞተች፤ ያን ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች የሠሩትን ምንጣፍ ሸጠው ይህችን ጀልባ ገዙ።

ይህ ግን ለሰው አልበቃም። የፔናያ አለቆች «የማንግሮቭ ጥበቃ ጀልባ» ተብላ እንድትጠራ ፈለጉ፤ የለጋሾቹ ልብ ያኔ ማንግሮቭ ወደሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ ዞሮ ነበር። ሰባኪው አባቴና ሽማግሌዎቹ ደግሞ እሁድ እንዳትንቀሳቀስ፣ ባል የሌላትንም እንዳትጭን አዘዙ። ሁሉም ይወዱናል፤ ብቻ ሌላ እንድንሆን ይፈልጋሉ።

ፔናያ ለስም ለውጡ ፊርማ ፍለጋ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል።

«ዛሬም አልፈረምሽም?»

«ዛሬም ጫማህን አላወለቅክም?»

በሦስተኛው ወር አወለቀ። አንዲት ወላድ ይዘን አብሮኝ ተሻገረ፤ ስንመለስ እጄን ያዘ። እኔም አልነጠቅኩትም።

«ስሙን ብቻ ቀይሪ» አለኝ። «ሥራው ያው ነው።»

«ማንግሮቭ ምጥ አይዘውም፣ ፔናያ። ዛሬ ስሙን ብለውጥ ነገ ችግኝ ጫኚ ትሉኛላችሁ። ይልቅ ላንተም ልንገርህ፤ እኔንም አግብተህ እለውጣታለሁ ብለህ እንዳታስብ።»

«አንቺን? ማን ደፍሮ!»

ሳቅን። ግን ፈራሁ፤ ወድጄዋለሁና።

ቅዳሜ ዕለት አጎቶቹ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። በደንባችን አባት ጥርሱን ከተቀበለ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። አባቴ እጁን ሳይዘረጋ «ጀልባዋ እሁድ እሁድ ከቆመች እቀበላለሁ» አለ።

በዚያ ሰዓት ሴት ልጅ አትናገርም። እኔ ተናገርኩ።

«እንግዲያው አትቀበል፣ አባዬ።»

አጎቶቹ ያመጡትን ጥርስ ጠቅልለው በቁጣ ሄዱ። ፔናያ ግን መሬት መሬት እያየ ቀረ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

በማግስቱ አባቴ ስለ ሰንበት ሲሰብክ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ኬሌራ አቃሰተች። ባል የላትም። ሁሉም ሰማ፣ ማንም ዞር አላለም። ተነሥቼ ደገፍኳትና ወጣን፤ ሁለት የማኅበራችን ሴቶች ተከተሉን።

ከጀርባዬ የአባቴ ድምፅ ተሰማ።

«ፔናያ! ከዚህ በር ከወጣህ ልጄን አታገኛትም!»

«ልጅዎ እኮ ወጥታለች፣ አባት» አለ ፔናያ።

የክት ሸሚዙንና ሽርጡን እንደለበሰ ባሕር ገብቶ ጀልባዋን ገፋ። መንገድ ላይ ኬሌራ ምጡ ሲጠናባት እጁን ነከሰችው፤ ደነገጠችና ይቅርታ ጠየቀችው።

«ታውቩ አይደለን? ንከሺ!» አላት እያቃሰተ።

ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተገላገለች።

ሰኞ ጠዋት፣ አለቆቹ «ካልፈረመች ሞተሩ ይመለስ» ስላሉት፣ ፔናያ በገዛ እጁ ፈቶ ወደ ሱቫ ወሰደው። የነሱ ነው፣ አልከለከልኩትም። አሮጌውን ሞተራችንን ገጠምን፤ ያስላል፣ ግን ይሄዳል። እሱም በዚያው ይቀራል ብዬ ቆርጬ ነበር።

ረቡዕ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከአውቶቡስ ወረደ።

«የኔን ስም ቀየሩት» አለኝ። «አሁን ሥራ ፈት እባላለሁ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ?»

«አግቢኛ!»

አባቴ እንደገና ተጠየቀ፤ አሁንም ጥርሱን አልተቀበለም። አዝኛለሁ፤ ፈቃዱን ግን ቁጭ ብዬ አልጠበቅኩም። አርብ ዕለት ሁለታችን ማዶ ተሻግረን የጋብቻ መዝገብ ቤት ገባን። መዝጋቢዋ ቀና ሳትል ትጠይቃለች።

«ሥራ?»

«ምጥ የያዛቸውን አሻግራለሁ» አልኩ።

«የማን ድርጅት ነው? የቤተ ክርስቲያን? የለጋሾች?»

«የሚሻገሩት ሴቶች።»

እንዳልኳት ጻፈች። ወደ ፔናያ ዞረች።

«አንተስ?»

«ከሷ ጋር ነኝ።»

መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ወንድሜ፣ ይኼ ሥራ አይደለም።»

«እስቲ አንቺ ሞክሪው!» አላት።