በየብልቷ የተከፋፈለችው ፌንጣ

በኤልማር ምድር ፀሐይ በጠራራው ቀትር ጠፋች። ልብስ ያሰጣች ሴት ሁሉ ዝናብ የመጣ መስሏት ወደ ደጅ ሮጠች፤ ቀና ስትል ግን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ያለበሰ ክንፍ አየችና ልብሱንም ልጇንም ረስታ ቆመች። እመ ፌንጣ ነበረች። በቅድመ አያቶች ዘመን አገሩን እስከ ቤቱ ክዳን ድረስ የበላችው፣ ስሟ ሲነሳ ሽማግሌ ሁሉ ምራቁን እንትፍ የሚልባት፣ የዚያችው ዘር ተመልሳ መጣች። ከቤተ መንግሥቱ በላይ አንዴ ዞረችና በስተምሥራቅ ወዳለው ቀይ አሸዋ ወረደች።

ለምን ወደ አሸዋ እንደወረደች ሕፃኑም ያውቃል። እንቁላል ልትጥል ነው። ከጣለች ደግሞ የሚፈለፈለው መንጋ ኤልማርን ቁርስ አድርጎ ምሳውን ሌላ አገር ይፈልጋል።

የኤልማር ሰው ስለ አውሬዋ ማወቁንስ ያውቅ ነበር፤ ጉዱ ያለው ባወቀበት መንገድ ላይ ነው። አባቶች የመጀመሪያይቱን እመ ፌንጣ በገደሉ ጊዜ የዘመኑ ንጉሥ እውቀቷን እንደ ቅርጫ ሥጋ ለአራት ቤቶች አከፋፈለው። ራሷ ለቤተ ዓይን፣ እግሯ ለቤተ እግር፣ ክንፏ ለቤተ ክንፍ፣ ሆድና ጎኗ ለቤተ ጎን ደረሰ። እያንዳንዱ ቤት የደረሰውን ብልት ሥራ ለገዛ ልጁ ብቻ ያስተምራል። ለሌላ ቤት የተነፈሰ ምላሱ ይቆረጣል፣ ስሙም ከዚያ ወዲያ አይጠራም። ንጉሡ የፈራው አንዱ ቤት ሙሉውን አውቆ፣ አንዷን አሳድጎ፣ ጋልቦባት እንዳይመጣበት ነበር። ዙፋኑን ከሚያጣ አገሩ ቢበላ የመረጠ ሰው ነበር እንግዲህ።

ናርዲት የቤተ እግር ልጅ ናት። ስለ ፌንጣ እግር ያሻችሁን ብትጠይቋት ታውቃለች፤ ስለ ዓይኗ ግን ከዶሮ አትሻልም። ወልሻ የሚባለውን የቤተ ጎን ልጅ ትወደው ነበር። የሁለት ቤት ልጆች ግን አይጋቡም፣ ትራስ ላይ ወሬ ያመልጣል ተብሎ። ስለዚህ ንጉሥ አዝማርድ በአደባባይ ቆሞ እመ ፌንጣን ለገደለ የጠየቀውን እሰጣለሁ ብሎ ሲምል፣ ሌላው ሰው ሹመት አሰበ፣ እሷ ሠርግ አሰበች። ከወልሻ ጋር እጅ ለእጅ እየተጎተቱ ወጡ። ከቤተ ዓይን አለቃ ጎዳር ወጣ፤ ጢሙ እስከ መቀነቱ የሚደርስ፣ የሚናገረው ሁሉ ለሐውልት የሚጻፍ የሚመስለው ሰው ነው። ቤተ ክንፍ ማንንም አልላከም። በበዓል ቀን ከቤተ እግር በታች አስቀምጣችሁናል ብለው አኩርፈው ነበር። አገር ሊበላ፣ እነሱ ወንበር ይቆጥራሉ።

ሦስቱም ቀኝ እጃቸውን በንጉሡ ጋሻ ላይ ጭነው ማሉ።

«ሕይወቴን ለኤልማር፣ ምላሴን ለቤቴ» አሉ።

መንገዱ ረጅምና ደረቅ ነበር። ጎዳር ከፊት ይሄዳል፣ ውኃውን እሱ ይይዛል፣ የት እንደሚታደርም እሱ ይወስናል። ወልሻ ከኋላው ጢሙን እየያዘ አካሄዱን ያስመስላል፤ ናርዲት ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ትነክሳለች። ወልሻ ከተጋቡ በኋላ የት እንደሚኖሩ ሲያወራ ውሎ ሲያወራ ያመሻል፤ እሷ ደግሞ ጣራ መክደን የማይችል ወንድ አላገባም እያለች ታበሽቀዋለች።

ቀይ አሸዋ ሲደርሱ እመ ፌንጣን ከኮረብታ ሥር አዩአት። የኋላ እግሮቿ ጉልበት ከጀርባዋ በላይ እንደ ቤት ምሰሶ ቆሟል። ደረቷ ጋሻ የደረበ ይመስላል። የሆዷ ጫፍ ግን አሸዋው ውስጥ ገብቶ እየቆፈረ ነበር።

ጎዳር ዕቅዱን ተናገረ። አንድ እግሯን በገመድ አስረን ገመዱን ከቋጥኝ ጋር እናያይዛለን፣ ከዚያ እኔ በጦር አንገቷን እወጋለሁ አለ። ናርዲት ዕቅዱ እንደማይሠራ አወቀች። ዝም ብትል ሁሉም ያልቃሉ፤ ብትናገር ምላሷ ነው። ወልሻን አየችው። ስልቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የምትለውን ይጠብቃል።

«እግሯን የያዘ ምንም አልያዘም» አለች። «ከሥሩ በጥሳ ትታው ትሄዳለች፣ በቀረው ትረግጠናለች። ኃይሏ እጥፋቱ ላይ ነው። ጭኗንና ቅልጥሟን እንደታጠፉ አንድ ላይ ካሰርናቸው መዝለልም መርገጥም አትችልም።»

ጎዳር ሁለት ጆሮውን ይዞ ዞረ። ወልሻ ግን ስልቻውን አወረደ።

«እንግዲያው እኔም ልበል» አለ። «ራሷ አጠገብ ብትጮኹ ግድ የላትም፤ ጆሮዋ ሆዷ ላይ ነው፣ ከኋላ እግሯ ሥር። እዚያ ስትደርሱ እንዳታስነጥሱ። አንገቷንም መውጋት ልፋት ነው። የምትተነፍሰው በአፏ አይደለም፣ በጎኗ በተደረደሩት ቀዳዳዎች ነው። ይኼ የያዝኩት ሙጫ ነው።»

ሁለቱም ወደ ጎዳር ዞሩ። የእሱ ተራ ነበር። ናርዲት ለመነችው፣ አባቴ ብላ ጉልበቱን ያዘች። እሱ ግን ቤቱ ከአባቱ የተረከበውን ለሁለት ቃል አፍራሾች እንደማይሸጥ ተናገረ። እጄን ሳነሣ ቁሙ፣ ሳወርድ ሂዱ፣ ይበቃችኋል አለ።

ቀጥሎ የሆነው ፈጥኖ ሆነ። ናርዲት በግራ በኩል ተጠግታ የታጠፈውን እግር በገመድ ጠመጠመችው። ወልሻ በዚያው ጎን ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሙጫ ደፈነ። አውሬዋ እንቁላሏን እየጣለች ስለነበር አልተነቃነቀችም። ከዚያ ናርዲት ሁለተኛውን እግር ልታስር በኋላ በኩል ዞረች። ወልሻ ደግሞ ወደ ቀኝ ጎን ለመሻገር በጀርባዋ ላይ ወጣ። ከዓይኗ ኋላ ነኝ፣ አታየኝም ብሎ ነው። ጎዳር ከኮረብታው ላይ እጁን አነሣ፤ ወልሻ ጀርባውን ሰጥቶ ነበርና አላየም። መጮህ ደግሞ አይቻልም። ትልቁ ዓይን ብልጭ አለ። ያልታሰረው እግር ተፈታ፣ ቅልጥሙ ላይ የተሰካው እሾህ ሁሉ ወልሻ ላይ አረፈ።

ናርዲት እግሩ ተመልሶ ሲታጠፍ ገመዱን ጣለችበትና አሰረችው። ስልቻውን ከወደቀበት አንሥታ የቀሩትን ቀዳዳዎች ደፈነች፤ እጇ በሙጫ ተቃጠለ፣ አልተሰማትም። እመ ፌንጣ ክንፏን ልትዘረጋ ሞከረች፣ ጎኗ እንደ ወናፍ ተሳበ፣ ከዚያ ዝም አለ። የወልሻ ትንፋሽ ከእሷ ቀድሞ ጠፍቶ ነበር።

ጎዳር ወርዶ መጣና አስከሬኑ አጠገብ ቆመ። ዓይኗ ከኋላም እንደሚያይ፣ ቆሞ ቢጠብቅ እንደምታልፈው ያን ጊዜ አጉረመረመ። ናርዲት ቢላዋዋን ጢሙ ሥር ገትራ የቀረውን አስለፈለፈችው። ወልሻን ቀብራ ስትጨርስ ወደ አውሬዋ ሬሳ ተመልሳ ክንፏን ገለጠች፣ መንጋጋዋን ፈልቅቃ አየች፣ አሸዋውን ቆፈረች። እንቁላሉ በጥልቀት ተቀብሮ ነበር፤ በአረፋ ተጣብቆ፣ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ሁለት ሰው የሚጨርሰው አልነበረም።

ኤልማር በእልልታ ተቀበለቻቸው። ጎዳር ግን ቀድሞ ቤተ መንግሥት ገብቶ ቃል መፍረሱን ለንጉሡ ነግሮ ነበር። ንጉሡ ናርዲትን ለብቻዋ አስጠርቶ በለሰለሰ ድምፅ አነጋገራት። የተማረችውን ለእሱ ብቻ ብትነግረውና አፏን ብትዘጋ የቤተ እግር አለቃ እንደሚያደርጋት፣ ቃል ማፍረሷንም እንደማይሰማ ሆኖ እንደሚያልፈው ነገራት። አሸዋው ውስጥ ስለቀረው እንቁላል ስትጠይቀው፣ ቤቶቹ እንደ ልማዳቸው ይመክሩበታል አለ።

እሷ ወደ አደባባዩ ወጣችና የፍርድ ድንጋዩ ላይ ቆመች።

«ስሙኝ፤ አንዴ ነው የምናገረው» አለች። «ዓይኗ ከብዙ ሺህ ትናንሽ ዓይን የተሰፋ ነው፣ ከኋላም ያያል። የሚንቀሳቀስ አያመልጠውም፣ የቆመውን ግን አያይም። በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ያሉት ሦስት ነጥቦች ብርሃን ከጨለማ ከመለየት ሌላ ጥቅም የላቸውም። የግንባሯ ቀንዶች አይዋጉም፤ ታሸትትባቸዋለች፣ ትዳስስባቸዋለች። መንጋጋዋ እንደ መቀስ ከግራና ከቀኝ ይገጥማል። የላይኛው ክንፏ ሽፋን ነው፣ የሚያበርራት ከሥሩ እንደ ጃንጥላ የታጠፈው ነው። እናንተ ቤተ ክንፎች፣ በዚህ ነበር እንዴ የኮራችሁብን?»

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ወታደሮቹ ወደ ድንጋዩ መጡ። እሷ ፈጥና ስለ ጆሮዋ፣ ስለ ጎኗ ቀዳዳዎች፣ ስለ እግሯ እጥፋት ተናገረች።

«ከእንቁላሉ የሚወጡት ክንፍ የላቸውም» አለች መጨረሻ ላይ፣ እጇ እየተያዘ። «እግር ብቻ ነው ያላቸው። መንገዳቸው ላይ ሰፊና ጥልቅ ቦይ ቆፍሩ፣ ሲወድቁ አፈር መልሱባቸው። ቆፋሪው የማን ቤት ልጅ ነው ብላችሁ አትጠይቁ። የማላውቀውን የነገረኝ ወልሻ ነው። ጎዳርም ነው።»

ፍርዱ በዚያው ቀን ተፈጸመ፤ ምላሷ ተቆረጠ። የጎዳርን ነገር ንጉሡ አልሰማሁም አለ። ለድሉ ምላስ ያለው ጀግና ያስፈልገው ነበር።

ዝናብ ሲጥል መንጋው ከአሸዋው ወጣ፤ እያንዳንዱ የፍየል ግልገል ያህላል፣ ክንፍ የለውም። የኤልማር ሰው ቦዩን ቆፍሮ ጨርሶ ነበር። የቤተ ክንፍ ሰው ከቤተ ጎን ሰው ጋር በአንድ አካፋ እየተቀባበለ አፈር መለሰ። ናርዲትም ቆፈረች። አንድም ሰው አልተበላም።

ለድሉ በዓል ድግስ ተደገሰ። ጎዳር ከንጉሡ በስተቀኝ ተቀምጦ፣ አዝማሪው ስለ ጦሩና ስለ ጢሙ ሲዘፍን አገጩን ቀና አድርጎ አዳመጠ። ዘፈኑ የቤተ ጎኑ ወጣት በአውሬዋ ጀርባ ላይ ከወጣበት ቦታ ሲደርስ አዝማሪው ቆም አለና ልጁ ስሙ ማን ነበር ብሎ ጠየቀ። ጎዳር ጢሙን አሻሸ። የቤተ ጎን ሰዎች ምግባቸው ላይ አቀረቀሩ፤ ቃሉን ያፈረሰ ስሙ አይጠራም። አዝማሪው ዓይኑን በአዳራሹ እያዞረ ጠበቀ፣ ከዚያ ክሩን መልሶ መታና «አንድ ጎበዝ» ብሎ አለፈው።

ናርዲት ከበሩ አጠገብ ቆማ፣ ስሙን ልትጠራ አፏን ከፍታ ነበር።