ሽማግሌ ቆሞ አውሮፕላን አያርፍም

አቶ ገብረየስ ከሽማግሌ መሸሽ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው የፊት በር ሲንኳኳ እሳቸው በጓሮ በር ውልቅ ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹም ባዶ ሳሎን ሰላም ብለው ይመለሳሉ። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ፣ አቶ በየነና ሼህ ኑርሁሴን መከሩ። ሰውየው መለዋወጫ ዕቃ ሊያወጡ ፖርት ሱዳን መውረዳቸውን ሲሰሙ ተከትለው ሄዱ፤ በመልሱም እዚያው አውሮፕላን ላይ ተሳፈሩ። ሦስተኛው ሽማግሌ «ሰማይ ላይ የሰው ልጅ አይለመንም፣ ነውር ነው» ብለው ቀሩ። ነውር ሆኖ አይደለም፣ ፈርተው ነው። አውሮፕላን የጓሮ በር አለው፤ ግን እስቲ ገብረየስ ይውጡበት!

ነገሩ የሆነው ካርቱም ላይ ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። ልጃቸው የምትለመነው ለሚልዮን ነው። ሚልዮን ካርቱም ተወልዶ ያደገ ሐበሻ፣ የዚሁ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ነው። የገብረየስን ልጅ ህሊናን ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። አባትየው ግን አንድ ነገር ነክሰው ይዘዋል። በወጣትነታቸው ከፖርት ሱዳን ካርቱም መንገድ በሌለበት አሸዋ፣ ኮከብ እያዩ በሎሪ ሸቀጥ ያመላለሱ ሰው ናቸው። «ይሄ ልጅ ምን ይሠራል? ቁልፍ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ ይወስደዋል። መንገድ ለማያውቅ ሰው ልጄን አልሰጥም!» ይላሉ። በዚህ ከመጡ ንቅንቅ የለም።

አውሮፕላኑ ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ የቀይ ባሕርን ተራሮች እንደተሻገረ፣ የቀበቶው መብራት ጠፋ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ገብረየስ ከተቀመጡበት ከፊተኛው ወንበር ፊት ቆሙ። ገብረየስ ሲያዩአቸው ፊታቸው እንደ ሎሚ ተጨመደደ።

«ወንድማችን፣ ለቁም ነገር ነው የመጣነው» አሉ አቶ በየነ።

«እዚህም?!»

«እዚህም። ተቀመጡ ካላልከን አንቀመጥም።»

ወጉ ነውና ገብረየስ ያውቁታል። «ተቀመጡ» ካሉ ልጃቸውን ሰጡ ማለት ነው። በመስኮቱ ወደ ደመናው ዞሩ። ሽማግሌዎቹም እንደ ምሰሶ ቆሙ።

በዚያው ሰዓት፣ መቆለፊያው ከተበላሸ ጀምሮ በገመድ ከሚታሰረው የአብራሪዎቹ ክፍል በር ወዲያ፣ መንገድ የሚመራው ኮምፒውተር ብልጭ ብልጭ አለና ድርግም አለ። ካፒቴን ሂሻም በቡጢ መታው። ሚልዮን አጥፍቶ አበራው። መጠባበቂያውን አስነሣ፤ እሱም የወንድሙን ሞት ሰምቶ ነው መሰል ተከትሎት ጠፋ። ከምድር ጣቢያዎች አቅጣጫ የሚቀበሉት መሣሪያዎችም አብረው ሄዱ።

«እንመለስ?» አለ ሚልዮን።

ሂሻም ፖርት ሱዳንን በራዲዮ ጠየቀ። አቧራ ዘግቶታል። ካርቱም ገና ክፍት ናት፤ ግን ከደቡብ ሀቡብ እየመጣባት ነው፤ ያ ቀይ የአቧራ ግድግዳ ከደረሰ ማረፍ የለም። ነዳጁም ለሁለተኛ ሐሳብ የሚተርፍ አይደለም።

«እኔ እነዳለሁ፤ አንተ መንገድ ፈልግ። ያላ!» አለ ሂሻም።

ሚልዮን በመስኮቱ ወደ ታች አየ። ከታች አሸዋ፣ ወዲያ አሸዋ፣ ወዲህ አሸዋ። ያለ ኮምፒውተር መንገድ የፈለገው ትምህርት ቤት ሳለ፣ ያውም ለፈተና ነው። ዓይኑ ከዳሽቦርዱ ጥግ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያያት አሮጌ የአቅጣጫ መርፌ ላይ አረፈ። ይቺ መርፌ የራዲዮ ሞገድ ባገኘች ቁጥር ወደመጣበት ትዞራለች። የኦምዱርማን ራዲዮ ደግሞ ከካርቱም ወንዝ ተሻግሮ ነው! ቁልፉን አዞረ። ጭርር... ጭርር... ከዚያ ዑድና ከበሮ ክፍሉን ሞላው። አንዲት የወድ መደኒ እመቤት ለአክስቷ ዘፈን መርጣለች። መርፌዋ ተንቀጥቅጣ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ጠቆመች።

«ወላሂ፣ ከዛሬ በኋላ አክስቴን አላማም!» ብሎ ሂሻም መሪውን ወደ ቀኝ አዘነበለ።

ደስታቸው ግን አልቆየም። ወደ ሀቡቡ ሲጠጉ መብረቁ ጀመረ፤ መርፌዋም ሰርግ ቤት እንደገባ ውሻ በብልጭታው ሁሉ ዞር ዞር ትል ጀመር። ሚልዮን መብረቁ ጋብ ባለ ቁጥር ብቻ እያመናት፣ አቅጣጫውን በኮምፓሱ እየያዘ ቀጠለ። አውሮፕላኑ ተናጠ። ሻንጣ ከላይ ወደቀ። ሼህ ኑርሁሴን በአንድ እጃቸው የዕቃ መደርደሪያውን፣ በሌላው የአቶ በየነን ኮት ጨምድደው «ያ ለጢፍ! ያ ለጢፍ!» እያሉ አላህን ይለምናሉ፤ ግን አልተቀመጡም።

ከውሰር የምትባለው አስተናጋጅ እየተንገዳገደች መጣች። ወላጆቿ ከወሎ ናቸው፤ እሷ ግን ካርቱም ማዮ ሰፈር ስላደገች አማርኛዋ እንደ አውሮፕላኑ ብሎኑ የላላ ነው። «ያ ሓጅ፣ ቁጭ በይ! ቀበቶ እሰሪ!» አለቻቸው።

«በይ?! እኔን ነው?» አሉ ሼሁ። «ልጄ፣ እኔ ልቀመጥ ብፈልግም ወጉ አይፈቅድም። እሳቸውን ለምኚ።»

ከውሰር ወደ ገብረየስ ዞረች። «አባቴ፣ ኸላስ፣ ተቀመጡ በላቸው!»

«አልልም!» አሉ ገብረየስ፣ ቀበቷቸውን እያጠበቁ።

ከደመናው በታች ሲወርዱ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቃቸው። ክረምቱን ተከትለው የመጡ ሽመላዎች በመንጋ ሰማዩን ሞልተውታል። «ወፍ! ወፍ!» ብሎ ሚልዮን ጮኸ። ሂሻም አውሮፕላኑን በጎኑ ጣለው፤ አንዱ ሽመላ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ተቆጥቶ በመስታወቱ አጠገብ አለፈ። የበሩ ገመድ ተበጠሰ፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፈተ። ተሳፋሪው ሁሉ የጨለመውን ስክሪን፣ ላብ ያጠመቀውን ረዳት አብራሪ ፊት ለፊት አየ።

ይባስ ብሎ ዘፈኑ ቁርጥ አለ። መርፌዋ ወገቧ እንደተቆረጠ ተንጠለጠለች። ኦምዱርማን መብራት ሄዷል።

ገብረየስ አንገታቸውን አሰገጉ። «አንተ ልጅ! ካርቱም የት ናት?»

ሚልዮን ዞረ። አማቱ እንዲሆኑለት የሚለምናቸው ሰው፣ ሁለቱ የቆሙ ሽማግሌዎች፣ ያ ሁሉ ተሳፋሪ አፉን ያያል። «እዚያ ናት» ብሎ ወደ አንዱ ማሳየት ምን ይከብዳል? ህሊና ትዝ አለችው።

«ጋሽ ገብረየስ፣ አሁን አላውቅም» አለ። «ቅድም መርፌዋ ያሳየችውን አቅጣጫ ይዣለሁ። ራዲዮው ካልተመለሰ ወደ ምዕራብ ታጥፌ ዓባይን እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ወንዙን ይዤ ሽቅብ ወደ ደቡብ እሄዳለሁ። ዓባይን አልስተውም። ካርቱም ግን የት እንዳለች አሁን አላውቅም።»

ተሳፋሪው «ኧረ!» አለ። አቶ በየነ ወደ ሼሁ ጆሮ ጠጋ ብለው «ጨረሰው፤ ልጁ ራሱን በላ» አሉ።

ገብረየስ ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጧል።

«አብዱልሰላም የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ከእኔ ጋር ሎሪ ነጂ። በዚሁ በረሃ መንገድ መሪ ቀጠረ፤ መሪው "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" እያለ ነዳው። "አላውቅም" ማለት አፍሮ! ሎሪውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። አብዱልሰላምን የቀበርኩትም እኔ ነኝ።» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ወደ ሽማግሌዎቹም ቀና አሉ። «በሉ፣ ምን ትገተራላችሁ? ተቀመጡ!»

አቶ በየነ «ሰማችሁ? ሁላችሁም ምስክር ናችሁ!» ብለው ጮኹ፤ ሁለቱም ባዶ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ተሳፋሪው አጨበጨበ። ከውሰር እልል አለች፤ እልልታውን ማዮ ነው የተማረችው፣ ምንም አልላላም።

ሚልዮን ግን አቅጣጫውን አልለቀቀም። ጥቂት እንደሄዱ ራዲዮው ከመሃል ዘፈን ብድግ አለ፤ መርፌዋም ነፍስ ዘርታ ቀጥ ብላ ወደ ፊት ጠቆመች። ወዲያው ሁለቱ ወንዞች ሲገናኙ ታዩ። ከወዲያ ግን ሀቡቡ ካላክላ የሚባለውን ሰፈር ውጦ ወደ ኤርፖርቱ ይገሰግሳል።

በራዲዮ አንድ የጭነት አውሮፕላን አብራሪ «እኔ ልቅደም!» ይላል። የኤርፖርቱ ማማ አቧራው ሳይደርስ ከአንድ በላይ አያርፍም አለ።

«ወንድሜ፣» አለ ሂሻም፣ «ኮምፒውተር የለኝም፣ ነዳጄ እያለቀ ነው፣ አጠገቤ ደግሞ አሁን ገና የታጨ ሙሽራ ተቀምጧል።»

«መብሩክ! እኔ ነዳጅ ሞልቼአለሁ፣ ሌላ ጋ አርፋለሁ። እለፉ!» አለ ሰውየው።

ጎማው አስፋልቱን ነክቶ አንዴ ነጠረ። ሁለተኛ ሲያርፍ ቀዩ ግድግዳ ላያቸው ላይ ተደፋ፤ ዓለም ሁሉ ጡብ ጡብ መሰለ። አውሮፕላኑን ሊመራ የወጣው መኪና በአቧራው መንገድ ጠፍቶት ዞሮ ዞሮ ከኋላቸው ሲከተል ተገኘ። ሞተሩ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ በራና «ፖርት ሱዳን ነህ» አለ። ሚልዮን «አንተም አላውቅም በል፣ ምናለበት?» ብሎ አጠፋው። ሳቁ መጣበት፣ ከሳቁ ጋር እንባውም መጣ።

ህሊና በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ትንቆራጠጣለች። አባቷ ሽማግሌዎቹን ግራና ቀኝ ደግፈው፣ አቧራ ለብሰው ሲመጡ ሮጠች።

«አባባ፣ ምነው ዘገያችሁ? ልቤን አጠፋኸው እኮ!»

«መንገድ ጠፍቶት ነው» አሉ ገብረየስ።

«ማን?»

ገብረየስ ወደ ኋላ ዞር ብለው፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ለመጠጋት የፈራውን ልጅ በአገጫቸው አሳዩዋት።

«ባልሽ» አሉ።