«ተዳፋት» ያለው ዲያቆን

መምህርቷ የብርጓል፣ ዲያቆን ምስጋናውን መጀመሪያ ያየችው በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲፈታ ነው።

«ቤተ ክርስቲያን አይደለም እኮ! ዝም ብለህ ግባ» አለችው።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት ፎቅ ላይ ያለ የእንግሊዝኛ ማሠልጠኛ ነው። ከሥራ መልስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ነርሶችና ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ይማሩበታል። ጋቢ የደረበ የቅኔ ተማሪ ግን ገብቶበት አያውቅም።

«እንግሊዝኛ ለምንህ ነው?»

«ፈረንጆች ስለ ግዕዝ ብዙ ጽፈዋል አሉ፣ መምህርት። ምን እንዳሉ ላንብብ ብዬ ነው።»

«መጀመሪያ ኤ ቢ ሲ ቁጠር፤ ከዚያ ትደርስባቸዋለህ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

የብርጓል ሰው መናቅ ይቀናታል። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አግብታ፣ ባሏ ሌላ ቤት እንዳለው ደርሳበት በስምንተኛው ወር ፈታችው። ከዚያ ወዲህ ከተማው «ፈት» እያለ አንሾካሸከባት። እሷም ሰው ሳይንቃት ቀድማ መናቅ ለመደች።

በሦስተኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ «ኢንክሊኔሽን» የሚለውን ቃል ጻፈች።

«ይህ ምን ማለት ነው?»

ከኋላ እጅ ወጣ። ምስጋናው ነው።

«ተዳፋት» አለ። «ደግሞ ጎንበስ ማለትም...»

«ተዳፋት?!» አላስጨረሰችውም። «እርከን ልትሠራ ነው እንዴ የመጣኸው? ዝንባሌ ነው! ጻፉ፤ ዝንባሌ፣ ወደ አንድ ነገር መሳብ። ሌላ ትርጉም የለውም!»

ሳቁ ከመጀመሪያው ቀን ባሰ። ምስጋናው «እሽ፣ መምህርት» አለና ያለችውን ጻፈ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብታ ለመዝጋቢዋ ለመሲ ታሪኩን እየሳቀች ነገረቻት። ይበልጥ ልታስቃት ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጠች። ጮክ ብላ አነበበች። ራስን ጎንበስ ማድረግ... የመሬት ተዳፋት... ዝንባሌ... መውደድ...

ሳቋን አቋርጣ መዝገበ ቃላቱን ዘጋችው።

«ታዲያ ልክ ነዋ!» አለች መሲ።

«ዝም በይ ወዲያ!»

ለተማሪዎቹ አልነገረቻቸውም። እንዲያውም ሰውየውን የባሰ ጠላችው። እያወቀ ዝም ማለቱ አንገበገባት። ሳምንት ታግሳ ከክፍል በኋላ አስቀረችው።

«ለምን አልተከራከርከኝም?»

«በእኛ ጉባኤ ተማሪ መምህሩን ሰው ፊት አያርምም። ለብቻዎ ልነግርዎት ነበር፤ ፊትዎ አስፈራኝ።»

«ትርጉሙን ከየት አመጣኸው?»

«ገበያ አሮጌ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። በቃሌ እየያዝኩት ነው። አሁን ‹አይ› ፊደል ላይ ደርሻለሁ።»

«መዝገበ ቃላት... በቃልህ?»

«ሌላ አጠናን አላውቅማ።»

ሳታስበው ሳቀች። ንቀት የሌለበት ሳቅ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

«በግዕዝም እንዲሁ ነው» አለ እሱ፣ ሳቋ አደፋፍሮት። «‹ጸነነ› እንላለን። ግድግዳ ሲያዘነብልም፣ ጆሮ ሲያዘነብልም፣ ልብ ሲያዘነብልም ቃሉ አንድ ነው።»

«ልብ ወዴት ያዘነብላል?»

ምስጋናው ጋቢውን አስተካክሎ ወጣ።

በሚቀጥለው ክፍል የብርጓል ሰሌዳው ፊት ቆመች። «ያን ዕለት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ተዳፋት ልክ ነው። ዲያቆን ምስጋናው፣ ይቅርታ።» እሱ ደግሞ ይቅርታ የተጠየቀ ሳይሆን የጠየቀ ይመስል አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ ከክፍል ሲወጡ እስከ ሰፈሯ ይሸኛት ጀመር። «እርስዎ» ማለቱ ቀረ። በሁለተኛው ወር መንገድ ላይ ቆም አለ።

«ላገባሽ እፈልጋለሁ።»

«ፈት መሆኔን ታውቃለህ?»

«ከተማው ሳልጠይቀው ነግሮኛል።»

«ቅስናህስ?»

ፈት ያገባ ዲያቆን ቄስ አይሆንም። አባቱ ቄስ ወልደ ሰንበት፣ አማኑኤል ከተማ አጠገብ ባለ ደብር ሠላሳ ዓመት አገልግለዋል፤ እንዲተካቸው የሚጠብቁትም እሱን ነው።

«ጊዜ ስጪኝ፤ ለቤተሰቤ ልንገር» አለ።

ግን ወሬው ቀደመው። በሳምንቱ እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በሚኒባስ መጥተው ማሠልጠኛው በር ላይ ቆሙ። የብርጓልን ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አዩዋት።

«አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ይቀመጡ...»

«ልቀመጥ አልመጣሁም። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት እህል እየለመነ፣ ውሻ እየነከሰው ነው የተማረው። ሌላ ሰው የተፋውን ሊያነሳ አይደለም!»

ሴትዮዋ ደረጃውን ሲወርዱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ግድግዳውን ያዙ። ያን ጊዜ እርጅናቸውን አየች። እኚህን ሴት ተስፋቸውን እኔ ልቀማቸው? አለች በልቧ።

በዚያው ዕለት ምስጋናው ሲመጣ ተማሪዎቹ በተሰበሰቡበት ጠበቀችው። ብቻውን ካገኘችው እንደማይሆንላት ታውቃለች።

«ከዛሬ ጀምሮ እንዳትሸኘኝ!»

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«አፍርብሃለሁ! ይህን ጋቢህን ደርበህ ከጎኔ ስትሄድ ሰው ያየኛል። ያወራሁህ ሲደብረኝ ነው። ሂድ፣ ቀስስ!»

«ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው!»

ደብተሩን አጥፎ ወጣ። አልተመለሰም። የብርጓል ሰሌዳ ልታጠፋ ዞረች፤ ሰሌዳው ላይ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ምስጋናው ስሙን ሊያሰርዝ ቢሮ ሲመጣ መሲ ምስጢሩን መያዝ አልቻለችም።

«እናትህ መጥተው ምን እንዳሏት ታውቃለህ?» ብላ የሰማችውን ሁሉ ነገረችው።

ስሙን ሳያሰርዝ አማኑኤል ወርዶ፣ የብርጓልን ሊያገባ እንደቆረጠ ለወላጆቹ ነገረ። እናቱ አለቀሱ፤ ተራገሙም። አባቱ ግን «ክህነት በግድ አይሆንም። ልብህን ውጭ ትተህ መቅደስ ከምትገባ፣ ውጭ ሆነህ እውነቱን ዘምር» አሉት።

እሑድ ከሰዓት የየብርጓልን በር አንኳኳ።

«አምኜሽ ነበር» አለ፣ ከሰላምታም በፊት። «ያን ሁሉ ንቀት እውነት መስሎኝ ነበር።»

«ሂድ... እባክህ ሂድ።»

«ቅስናውን ተውኩት። መሪጌታ ሆኜ ቅኔ አስተምራለሁ።»

«አብደሃል! ይቆጭሃል!»

«አዎ፣ ይቆጨኛል። አባቴ ሲቀድሱ ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። ሲቆጨኝ እነግርሻለሁ እንጂ አልደብቅሽም። አንቺም እኔን ለማዳን ብለሽ ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ።»

የብርጓል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። እሱም እስክትጨርስ ድረስ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

በጥር ተጋቡ። አባቱ መጥተው መረቁ፤ እናቱ ቀሩ። ከፋሲካ በኋላ የብርጓል «እኔው እሄዳለሁ» አለችና ባሏን አስከትላ አማኑኤል ገባች።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል መደቡ ላይ ተቀምጠው ስፌት ይሰፉ ነበር። ቀና ብለው አዩዋት፤ ያ ዓይናቸው አልለሰለሰም።

«ከስተሻል» አሉ በመጨረሻ። «ይህ ልጅ የሚያበላሽ እንጀራ ሳይሆን ቅኔ ነው እንዴ?»

ከዚያም ስፌታቸውን ወደ ጉያቸው ሰብስበው፣ አጠገባቸው ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቁላት።