ከጎናችን የነበረው አልጋ

«እስኪ እንደገና!» አለች እናት፣ የትንሹን ልጇን ሸሚዝ እየተኮሰች።

«ስለጸለይን እግዚአብሔር ወንድሜን አዳነልን» አለች ልጅቷ። ጥያቄ ስለማያልቅባት አባቷ «መርማሪዬ» ይላታል። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ቤተሰቡን ወክላ የምታመሰግነው እሷ ናት።

«እማ፣ እነ ሳቂታስ አልጸለዩም?»

ካውያው ቆመ።

የእሷ ወንድምና የጓደኛዋ የሳቂታ ወንድም በአንድ ሰሞን ማጅራት ገትር ታመው፣ ሆስፒታል ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። ሁለቱ እናቶች በአልጋዎቹ መሃል ተንበርክከው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንድ ጸሎት ጸለዩ። የእሷ ወንድም ድኖ ቤቱን መበጥበጥ ጀመረ። የሳቂታ ወንድም ግን ከዚያ ወዲህ ጆሮው አይሰማም።

«ታዲያ አናመስግን ነው የምትዪው?» አለች እናቷ።

«ኧረ እናመስግን! እኔማ ሲያናድደኝ እንኳ ደስ ይለኛል። ‹ስለጸለይን› የምትለዋ ናት ያነቀችኝ። ሳቂታ እኮ ፊት ለፊቴ ነው የምትቀመጠው።»

ጫማውን የሚያስረው አባቷ ቀና አለ። «የታመመ ልጁን ወደ ኢየሱስ ያመጣው አባት ‹የምትችል ከሆነ› አላለም? ታዲያ ስለተጠራጠረ አባረረው?»

«አላባረረውም። ግን የእሱ ልጅ ድኗል፣ አባ።»

አባቷ የታሰረውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረው።

ቤተ ክርስቲያን ተራዋ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ያዘች።

«ወንድሜ ድኗል። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሴን ይገፍፈኛል። እግዚአብሔርን በጣም አመሰግናለሁ። ከጎኑ የነበረው ልጅ ግን አይሰማም። ለእሱም የጸለይነው ያንኑ ጸሎት ነው። ለምን እንደዚህ እንደሆነ አላውቅም። እየጠየቅኩት ነው።»

 ከአዳራሹ ሰው መሃል የሳቂታ እናት ብቻዋን፣ ቀስ ብላ «አሜን» አለች።

ልጅቷ ወደ ቤተሰቧ ወንበር አልተመለሰችም። ሄዳ ሳቂታ አጠገብ ተቀመጠች።

«አበድሽ እንዴ?» ሳቂታ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሰባኪው ዛሬ አይለቅሽም!»

ወንድሟም ተከትሏት መጥቶ መሃላቸው ተሸጎጠ። ሆስፒታል የአልጋውን ብረት ይደበድብ እንደነበረው፣ አግዳሚ ወንበሩን በቡጢው መደብደብ ጀመረ። ከወዲያ በኩል የተቀመጠው የሳቂታ ወንድም መዳፉን እንጨቱ ላይ አደረገ። ንዝረቱ ሲደርሰው ከት ብሎ ሳቀና መልሶ ደበደበ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እናቷ ከማዶ «እጁን ያዢው!» ብላ በዓይኗ ጠቀሰቻት።

ልጅቷ እጇን ወደ ወንድሟ ሰደደች። ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ፣ መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳረፈች።