ከጋቢዬ ስር

ይህን እንደ ተረት አትዩብኝ። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። እስከ ዛሬ ዝም ያልሁት አፍሬ ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ። ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድን ነበር። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሚኒባሱን የሚነዳው ልጄ ምስጋናው ነው። እኔ ከኋላው ተቀምጫለሁ።

መኪናው ሞልቷል።

አንዲት ሴት ግን ከጉሙ ውስጥ እጇን ዘረጋች... ምስጋናው ቆመላት።

ነጠላዋ ውሃ ያንጠባጥባል። ዝናብ አልነበረም።

ወንበር ስለሌለ እግሬ ስር ቁጭ አለች። ሒሳብ እንኳ የጠየቃት የለም።

ጥቂት እንደሄድን ከፊት የመጣ አይሱዙ መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገልን። ትራፊክ አለ ማለት ነው።

ልጄን ላብ አጠመቀው። ከዚያ በፊት ትርፍ ጭኖ ተይዟል። ከደገመ መንጃ ፈቃዱን እንደሚያጣ ነግረውታል። እንጀራችን ያቺ ፈቃድ ናት።

«እማዬ... ሸፍኛት» አለኝ በሹክሹክታ።

«ዝቅ በይ እህቴ» አልኋት። ጋቢዬን ጣል አደረግሁባት።

ትራፊኩ አንገቱን በመስኮት አስገባ።

«ትርፍ የለም?»

«በልካችን ነን» አልሁ፣ ልጄን ቀድሜ።

«ከእግርዎ ስር ያለውስ፣ እናቴ?»

«የድንች ከረጢት ነው።»

«ድንቹ በርዶት ነው ጋቢ የለበሰ?» ብሎ ሳቀና አሳለፈን።

ከጋቢው ስር ቀስ ያለ ድምፅ መጣ...

«እትዬ... ልነሳ?»

«ቆይ» አልሁ። ወደ ከተማው ስንጠጋ ሌላ ትራፊክ አይጠፋም ብዬ።

እጄን ጀርባዋ ላይ አኖርሁ። እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

ስትተነፍስ አልተሰማኝም።

መታጠፊያው ላይ አህያ ገባችብን። ምስጋናው ፍሬን ያዘ... መኪናው ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኛ።

በመስኮት እየተጎተትን ወጣን። ከጭረት በቀር የተጎዳ የለም። ያው ትራፊክ በሞተር ሳይክል ደረሰ።

«ውስጥ የቀረ ሰው አለ?»

ምስጋናው እኔን አየ። እኔ የሾፌሩን በር አየሁ። ማንበብ የተማርሁት አምና ነው። «የመጫን ልክ 12 ሰው» ይላል።

«አሥራ ሁለት ነን። ሁላችንም ወጥተናል» አልሁ።

የተማርሁት ፊደል መጀመሪያ የጠቀመኝ ለዚህ ነው።

ከተኛው መኪና ውስጥ ግን ሰማኋት...

«እትዬ... ልነሳ?»

ጀርባዬን ሰጥቼ ከመኪናው ራቅሁ።

መኪናው በገመድ ተስቦ ሲነሳ ውስጡ ሰው አልነበረም። ጋቢዬ ብቻ... ውሃ ጠጥቶ።

ከጎኔ ተቀምጣ የነበረችውን ሽታዬን ወደ ጥግ ወስጄ ጠየቅኋት። «ያቺ ሴት የት ገባች?»

«የምን ሴት? እርስዎ ከረጢት አልነበር የያዙት?»

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከአጥሩ ውጭ ቆምሁ። መግባት አፈርሁ።

ሰኞ ጋቢውን አጥቤ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ አሰጣሁት። ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ላነሳው ወጣሁ።

ገመዱ ባዶ ነው።

ጋቢው መሬት ላይ ነው... ሰው አቀርቅሮ እንደተቀመጠ፣ ጉብ ብሎ።

ምስጋናው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ከአደጋው በኋላ የያዙበትን መንጃ ፈቃድ ማክሰኞ ሊመልሱለት ቀጥረውታል።

«እትዬ... ልነሳ?»

እሱም ሰማ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እማዬ...» አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ቆይ በያት።»

አልኋት።

ጋቢው... ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።