የሮጠው ድልድይ

ይህችን ስነግራችሁ አታምኑኝም። ዋሽቼ ከሆነ ዶሮዬ እንቁላል ትከልክለኝ፤ አታምኑኝም።

በእኛ መንደር ድልድይ ሮጠ። አዎ፣ ድልድይ። ሁለት እግር አውጥቶ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ ቱር! ቱር! ቱር! እያለ ሮጠ።

የድልድዩ ስም አንጓች ነው። ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

አንጓች ሰባት ዓመቷ ነው፤ እግሯ አያርፍም። ማታ እግሯን ወደ በሩ ዘርግታ ትተኛለች፤ ጠዋት እግሯ ትራሱ ላይ ይገኛል።

ገንፎ ስትበላ አንዱን ጉርሻ ምድጃው ዳር ትጎርሳለች፤ ሁለተኛውን አጥሩ ላይ። ሦስተኛውን የት እንደምትጎርስ እናቷም አታውቅም።

እናቷ «እስቲ አንዴ ቁጭ በይ» ትላታለች። አንጓች ቁጭ ትላለች። እግሯስ?

ቱር! ቱር! ቱር!

አንጓች አጥብቃ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር። የትምህርት ቤቱን ደወል መደወል።

ደወሉ ግቢው ውስጥ ካለው የዋንዛ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመቱት ኳንንን! ይላል፤ ሦስት ወንዝ ማዶ ያለች ላም ሣሯን ትታ ቀና ትላለች።

ደወሉን የሚደውለው ግን አርፎ የተቀመጠ ልጅ ነው። አንጓች አርፋ ተቀምጣ ስለማታውቅ ደወሉን ነክታው አታውቅም።

አንድ ሐሙስ መምህርት ስንዱ ነገ የመንደራችን ታሪክ ፈተና ነው፤ ዛሬ እንከልስ አሉ።

በእኛ መንደር ዓመት በቁጥር አይጠራም። የጎርፉ ዓመት፣ የአንበጣው ዓመት፣ የድልድዩ ዓመት፣ የወፍጮው ዓመት፣ የትምህርት ቤቱ ዓመት እንላለን።

መምህርት ስንዱ ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ሲጽፉ፣ ሲጽፉ፣ ልጁ ሁሉ አዛጋ።

ዳኛው የሚባለው ልጅ ጭራሽ አንኮራፋ። ዝንቧ እንኳ ጠመኔው ላይ አንቀላፋች።

አንጓች ብቻ አልተኛችም። እግሯ ከዴስኩ ሥር ቱር! ቱር! ቱር! ይላል።

መምህርቷ እግሩን ሰሙት። ጠመኔውን አስቀመጡና «ታሪኩ ተቀምጠን ካልገባን ቆመን ይግባን። ሁላችሁም ውጡ» አሉ።

ጨዋታው ረጅም ገመድ ይፈልግ ነበር። ረጅም ገመድ ያላቸው ደግሞ የትምህርት ቤቱ ጎረቤት እማማ ቦጋለች ናቸው።

እማማ ቦጋለች ገመዱን ሰጡ፤ ራሳቸውም ተከትለውት መጡ። አምና ቢያውሱት ሁለት ሆኖ ነው የተመለሰላቸው።

አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ገመዴን እንዳትበጥሱብኝ» አሉ።

ገመዱ ከዋንዛው እስከ አጥሩ ተዘረጋ። አምስት ቦታ ተቋጠረ፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ አንድ ዓመት ሆነ።

አምስት ልጆች ቋጠሮ ቋጠሮውን ይዘው አምስቱን ዓመት ይሆናሉ። ከቋጠሮው ሳይንቀሳቀስ እስከ መጨረሻው የቆመ ልጅ ነገ ደወሉን ይደውላል ተባለ።

 አንጓችም ወደ እግሯ አጎንብሳ «ዛሬን ብቻ» ብላ ለመነችው።

ዕጣው ከመምህርቷ ባርኔጣ ወጣ። አንጓች ጎርፍ ወይም አንበጣ እንዲደርሳት ተመኘች፤ እነሱ ቢንቀሳቀሱ ማን ይቆጣቸዋል?

አንበጣው ለዳኛው ደረሰ፤ ቆሞም ለሚተኛው ልጅ። ለአንጓች የደረሳት ድልድዩ ነው።

ከኋላ አንዱ «እሷ ድልድይ ከሆነች ወንዙ በላን» አለ። ልጁ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

አንጓች «ቲቸር፣ ድልድይ ትንሽ ትንሽ ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች።

«ድልድይ አይሄድም፣ አንጓች።»

ጨዋታው ተጀመረ። እናንተም አብራችሁ በሉ።

ጎርፉ? ሿሿሿ! አንበጣው? ጥርርር!

ድልድዩ? ዝም።

ወፍጮው? ቱክ ቱክ ቱክ! ትምህርት ቤቱ? ኳንንን!

አንጓች ዝም አለች። ጥርሷን ነከሰች፣ አውራ ጣቷን አጠፈች፣ ትንፋሿን ዋጠች፤ ጉንጯ ቲማቲም መሰለ።

መምህርት ስንዱ ለመንደሩ አዲስ ናቸው። ቅደም ተከተሉን የሚያውቅ፣ በዕድሜ ታላቅ የሆነ ሰው ይምጣልን ብለው ሰው ላኩ።

አንድ ታላቅ ተጠራ፤ ሁለት ታላቅ መጣ። አባባ ደምለውና አባባ ካሴ።

ሁለቱም «እማማ ቦጋለች፣ እንደምን ዋሉ» ብለው ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ ለእንግዳ የወጣችውን ወንበር አዩ።

ወንበሯ አንድ ናት። አባባ ደምለው ታላቅ እኔ ነኝ ብለው ተቀመጡ፤ አባባ ካሴም ታላቅ እኔ ነኝ ብለው እዚያው ላይ ተቀመጡ።

እያንዳንዳቸው በግማሽ መቀመጫ ተቀመጡ። ወንበሯ ቋ! አለች።

አባባ ደምለው የተወለዱት በአንበጣው ዓመት ነው። አባባ ካሴ ደግሞ በድልድዩ ዓመት።

አንበጣው ከቀደመ ታላቁ አባባ ደምለው ናቸው። ድልድዩ ከቀደመ አባባ ካሴ። ጠቡ ይኸው ነው፤ ከነሱ ጋር አብሮ ሸበተ።

አባባ ካሴ ድልድዩን ከአንበጣው ኋላ ሲያዩት ዓይናቸው ቀላ። ተነሡና አንጓችን በብብቷ አንሥተው ፊት አቆሟት።

«ቲቸር፣ እኔ አልሄድኩም፤ ተወሰድኩ» አለች አንጓች። መምህርቷም የተወሰደ አይቆጠርም አሉ።

አባባ ደምለው ደግሞ ዳኛውን ተሸክመው ከአንጓች ፊት አቆሙት። ዳኛው አልነቃም።

አንበጣው አለፈ። ድልድዩ አለፈ። አንበጣው ደግሞ አለፈ፤ ተያይዘው ጎርፉን አልፈው አጥሩ ጋ ደረሱ።

እማማ ቦጋለች ብድግ አሉና «ገመዴን!» አሉ።

መምህርት ስንዱ መሐል ገቡ። «ታሪክ በጩኸት አይቀድምም። ከሁለታችሁ በዓይኑ ያየ አለ?»

አባባ ደምለው ጺማቸውን አሹ፤ የዚያን ጊዜ ገና መወለዳቸው ነው። አባባ ካሴም እንደዚያው፤ በእናታቸው ጀርባ ላይ ሆነው ምን ያያሉ?

ያየ የለም። ጩኸቱ ግን ባሰ፤ የዋንዛው ወፍ ሁሉ ወደ ሌላ ወረዳ ተሰደደ።

በዚህ መሐል አንጓች አንድ ነገር ትዝ አላት። እግሯ ያልረገጠው ቦታ የለምና ወንዙ ላይ ካለው ድልድይ ሥር ያየችው ነገር ነበር።

እጇን አወጣች፤ ማንም አላያትም። ተናገረች፤ ማንም አልሰማትም።

አባባ ደምለው ከዘራቸውን አነሡ፤ አኩርፈው ወደ ላይ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ። አባባ ካሴም አነሡ፤ ወደ ታች ሊሄዱ።

አንጓች ደወሉን አየች። ብትቆም ነገ ደወሉ የእሷ ነው።

እግሯን አየች። ብትሄድ ደወሉ ቀረ።

ደወሉን አየች። እግሯን አየች። ደወሉን... ኧረ ምን ዋጋ አለው!

ቱር! ቱር! ቱር!

ድልድዩ ሮጠ። ገመዱን እንደያዘ ሮጠ።

ገመዱ ጎርፉን ሳበው፣ ጎርፉ አንበጣውን፣ አንበጣው ወፍጮውን፣ ወፍጮው ትምህርት ቤቱን። አምስት ዓመት ባንድ ገመድ ቁልቁለቱን ወረደ።

ሿሿሿ! ጥርርር! ቱክ ቱክ ቱክ! ኳንንን!

ድልድዩስ? ቱር! ቱር! ቱር!

ከኋላ ክፍሉ በሙሉ ሮጠ። መምህርቷ ባርኔጣቸውን ይዘው፣ ሁለቱ አባባዎች ከዘራቸውን ይዘው፣ እማማ ቦጋለች «ገመዴን!» እያሉ።

አቧራው የተነሣው እዚህ፣ ያስነጠሰው ሰው እዚያ ማዶ። ውሸት ከሆነ ዶሮዬን አልኳችሁ።

ደረሱ። አንጓች ከድልድዩ ሥር ገባችና ሲሚንቶውን በጣቷ አሳየች።

ሲሚንቶው ላይ ትንንሽ እግር ታትሟል። ትንንሽ ክንፍ አለ። አሥር፣ ሃያ፣ መቶ!

ዳኛው ዓይኑን አሸና «የኔ እግር ነው» አለ። አንበጣ እንደሆነ ትዝ ብሎታል።

ያኔ አንጓች ያሰበችውን ተናገረች። «እናቴ ቤቱን ስትለቀልቅ እርጥቡን ከረገጥኩት እግሬ እዚያው ይቀራል። ከደረቀ በኋላ ብረግጠው ግን አይቀርም።»

መምህርት ስንዱ አጎንብሰው አዩ። ከዚያ በቀስታ «ሲሚንቶው ሳይደርቅ ነው አንበጣው ያረፈበት» አሉ።

ድልድዩ ሲሠራ አንበጣው መጣ። ሁለቱ ዓመቶች ለካ አንድ ዓመት ናቸው!

አንጓችና ዳኛው አንድ ቋጠሮ ላይ ቆሙ። አንበጣው ድልድዩን ተደግፎ እንቅልፉን ቀጠለ።

ሲመለሱ አንጓች አንገቷን ደፋች። ሄዳለች፤ ያውም ሳትወሰድ፣ በገዛ እግሯ።

መምህርት ስንዱ ሳይንቀሳቀስ የቀረው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ያልሮጠ አልነበረም።

«ቆሞ የቀረው ዋንዛው ብቻ ነው» አሉ መምህርቷ። «ዋንዛው ደግሞ እጅ የለውም። አንጓች፣ በእሱ ፈንታ ነገ አንቺ ደውዪለት።»

ያን ቀን ማታ አንጓች ገንፎዋን አንድ ቦታ ቁጭ ብላ ጨረሰች። እናቷ ታመመች እንዴ ብላ ግንባሯን ዳሰሰች።

ዓርብ ጠዋት አንጓች ብረቱን ያዘች። ኳንንን! ሦስት ወንዝ ማዶ ያለችው ላም ቀና ብቻ አይደለም፣ ተነሥታ መጣች።

ፈተናው ሊጀመር ነው። ሁለቱ አባባዎች አሁንም እዚያችው ወንበር ላይ፣ አሁንም በግማሽ መቀመጫ።

ዓመቱስ አንድ ይሁን፤ እኔ በወር እበልጥሃለሁ ይላሉ አንዱ። የምን ወር፣ እኔ በሁለት ወር ይላሉ ሌላው።

ወንበሯ ቋ! አለች። ቋ! ቋ!

አንጓች ደወሉን ደግማ መታችው። ኳንንን!

ሁሉም ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ እማማ ቦጋለች ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ገመዳቸውን ሲጠቀልሉ ተሰማ።

አንጓች አባባ ደምለውን አየች፤ እሳቸው ቦጋለችን እማማ ይሏቸዋል። አባባ ካሴን አየች፤ እሳቸውም እማማ ይሏቸዋል።

ከዚያ ወደ ድንጋዩ ሄደች። ቱር! ቱር! ቱር!

«እማማ፣ እርስዎ ያን ዓመት በዓይንዎ አይተዋል?»

እማማ ቦጋለች ገመዱን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ሁለቱን ሽማግሌዎች ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው።

«ምን ማየት ብቻ፣ ሁለቱንም በጀርባዬ ያዘልኳቸው እኔ ነኝ። እናንተ ገመድ ጠየቃችሁኝ እንጂ ታሪክ መቼ ጠየቃችሁኝ? በሉ ተነሡና ያቺን ወንበር ወዲህ በሉልኝ።»