ኖራ የነካው ጫማ

«ዶሮዋ ዛሬ ጣለች?»

«ጥላ ተኛች።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር። ሊዋይዋይ በሳን ሆሴ መናኸሪያ አግዳሚ ወንበር ላይ «ጎረቤት» በሚል የምስጢር ስም ከሚጠራው የእንስሳት ተከራካሪ ማኅበሯ መልእክተኛ አጠገብ ተቀመጠች። በያዘችው ከረጢት ውስጥ ሦስት ዳቦዎች አሉ። በትንሹ ዳቦ ሆድ ውስጥ የአራት ወር ልፋቷ ተቀብሯል፤ ጥፍር የምታክል የካሜራ ካርድ።

አንድ ትልቅ ኬክ ቤት «እንቁላላችን በሽቦ ካልታጎሩ ዶሮዎች ነው» ብሎ ለደንበኞቹ ቃል ገብቷል። ካርቶኑ ላይ ሣር ለሣር የምትንሸራሸር ዶሮ አለች። እንቁላሉን በሚያቀርብለት እርሻ ግን መሬት የሚረግጡት ለጎብኚ የሚታዩት ብቻ ናቸው። የቀሩት ክንፍ በማያስዘረጋ ሽቦ ውስጥ ታጭቀዋል። ሽቦ ላይ የተንከባለለ እንቁላል በሐምራዊ መብራት ሲታይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ያወጣል። ሊዋይዋይ «ኔኒታ» ተብላ በእንቁላል ለቃሚነት ገባች፤ ሐሰተኛ ገንዘብ በሚለዩባት ትንሽ መብራት እያበራች መስመሮቹን ቀረጸች። ከጎናቸው የኬክ ቤቱ አረንጓዴ ማኅተም ነበር።

«አምጪው» አለ ጎረቤት እየሳቀ። «ከማኒላ በቀጥታ ነው የመጣሁት፤ ደክሞኛል።»

ከረጢቱን ልትሰጠው ስትል ጫማውን አየች።

ኖራ።

እርሻው በር ላይ የኖራ ገንዳ አለ። በሽታ እንዳይገባ ባለቤቱ ሳይቀር ረግጦት ነው የሚያልፈው። የጎረቤት ጫማ እስከ ማሰሪያው ነጭ ነበር።

ሸጧታል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በዚህ ሥራ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ትንሹን ዳቦ አውጥታ ገመጠችው። ካርዱን ምላሷ ሥር ደበቀችና ከረጢቱን ሰጠችው።

«ርቦኝ ነው። ዕቃው ከታች ነው፤ እዚህ አትክፈተው።»

እሱ ከዓይኗ እንደራቀ ስልኳ ጮኸ። እትዬ ሉሚን ናት፤ እርሻው ላይ አጠገቧ የምትሠራው፣ በየቀኑ ዓሣዋን ለሁለት ከፍላ የምታጎርሳት።

«አንቺ ሥራ ያልለመደ የማኒላ ጣት፣ የት ጠፋሽ? ዘበኞቹ ሳጥንሽን ሊከፍቱ ሲሉ ቀድሜ ባዶ አደረግኩልሽ። እንቁላል የሰረቅሽ መስሎኝ እኮ ነው። መብራቷን ቦርሳዬ ውስጥ አገኟት። የኔ ናት አልኳቸው።»

ሊዋይዋይ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሊያባርሩኝ ነው። መጥተሽ ንገሪያቸው፣ የኔ ልጅ።»

ከሄደች ካርዱን ይወስዱታል። የማኒላው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል።

«እመጣለሁ፣ እትዬ።»

አውቶቡሱ ላይ ወጣች። እስከ ማኒላ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

በሦስተኛው ሳምንት ምስሉ አደባባይ ወጣ። ኬክ ቤቱ ዶሮዋን ከካርቶኑ ላይ አነሳ፤ ከእርሻውም መግዛት አቆመ። ሊዋይዋይ በዚያን ጊዜ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥራ ነበር። የድሮውን ስልክ ለመጨረሻ ጊዜ ስትከፍተው አንድ የእትዬ ሉሚን መልእክት ጠበቃት።

«የምሳ ዕቃሽ እኔ ጋ ነው። አጥቤዋለሁ። ስትመጪ ትወስጂዋለሽ።»

ሁለቴ አነበበችው። ሲም ካርዱን አውጥታ ሰበረችው።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ዓሣዋን ለሁለት ከፍላ ዘረጋችላት።

«ጠግቤያለሁ» አለች ሊዋይዋይ።